ጨው ያልገባበት ኖራ

ተካልኝ የበደለኝ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በክረምቱ የትምህርት ዕረፍት፣ ድሬ፣ ከዚራ በሚገኘው የቀለም ሰፈር አዳራሽ ውስጥ፣ አባቴና መላው ሰፈር ተቀምጠው እያዩ ነው። ስሙን ገና ከመጀመሪያው የጻፍኩት አስቤበት ነው፤ እሱም ስሙ ከፊት ሲጻፍ ስለሚወድ ቅር አይለውም።

ከሃምሳ ዓመት በላይ ዘግቼው የኖርኩትን አፌን ያስከፈተኝ የረጠበ ኖራ ሽታ ነው። ባለፈው ክረምት የአዳራሹ በር ላይ የማፍረሻ ቀይ ምልክት መቀባቱን ሰማሁና፣ ሳይፈርስ አንድ ጊዜ ልየው ብዬ በባጃጅ ሄድኩ። በዋዜማው ዝናብ ጥሎ፣ ጣሪያው አፍስሶ፣ የመድረኩ የኋላ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ርሶ ነበር፤ ያ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ቀዝቃዛ የኖራ ሽታ ገና ከበሩ ተቀበለኝና እግሬን መድረኩ ሥር አቆመው። ቆሜ ስምገው የሳህን ስፋት ያለው ቅርፊት ከላይ ተላቆ ትከሻዬ ላይ ተሰበረ። ቀና ስል ከቅርፊቱ ሥር ቡናማ ቀይ ቀለም አየሁ፤ ከተማችንን የሚሰነጥቀው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ቀለም። ልቤ እንደ ልጅ ልብ ዘለለ። ያን ጎርፍ የሣልኩት እኔ ነኝ።

ቀለም ሰፈር ስሙን ያገኘው የባቡር ፉርጎ ቀቢዎች ስለሚኖሩበት ነው። ከሥራ የተረፈው ቀለም በዱቄት ወተት ጣሳ እየሆነ ወደ ቤት ይመጣ ነበርና፣ በመንገዳችን ላይ ሁለት በር አንድ ዓይነት ቀለም አልነበረውም፤ የኛ በር እንደ ሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ አረንጓዴ ሲሆን፣ ሽንት ቤታችን ግን በአንደኛ ማዕረጉ ቀለም ያጌጠ ስለነበር አባቴ ወደዚያ ሲሄድ ኮቱን ያስተካክል ነበር። ቀለም ባለበት ደግሞ ሌላው ጥበብ ሁሉ ተከትሎ ይመጣል። ከአዳራሹ ወዲህና ወዲያ አሥራ አንድ የጥበብ በሮች ነበሩን፦ ታፔላ ጻፊዎች፣ ዑድ ጠጋኝ፣ የቲያትር ልብስ ሰፊ፣ ሙዚቀኞች፣ ሌላም ሌላም። አንደኛው ትራምፔት ነፊ ያችኑ አንዲት ዜማ ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚደጋግማት፣ የጓደኛዬ የዘሃራ ፍየሎች ሲሳሳት ቀና ብለው ያዩት ነበር። ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን፣ ሙቀቱ ሲሰበርና ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ በሮቹ በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ፤ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛውና ሐረሪው ተቀላቅሎ መንገዱ ይሞላል፤ እኛ ልጆች ደግሞ ዛሬ ምን ሊታይ ነው እያልን ወደ አዳራሹ እንሮጣለን።

አዳራሹ ድሮ የዕቃ መጋዘን የነበረ ነው። ለመድረኩ የሚሆን ሥዕል በሸራ ላይ ለመሥራት አቅም ስላልነበረ፣ ለእያንዳንዱ ቲያትር አዲስ ሥዕል የሚሣለው በቀጥታ የኋላው ግድግዳ ላይ ነበር። ቲያትሩ ሲያልቅ ሥዕሉ በኖራ ይሸፈንና ሌላው ከላዩ ላይ ይሣላል። መሣል የወንዶቹ፣ ኖራ መቀባት የሴቶቹ ሥራ ነበር፤ ማን እንደደነገገው አላውቅም፣ ግን ማንም አልጣሰውም። የፉርጎ ቀለም በዘይት የተሠራ ስለሆነ ኖራ አይዝለትም። ስለዚህ መጀመሪያ ሥዕሉን በጡብ እንፈትገዋለን፣ ቀጥሎ ኖራው ውስጥ ጨው እንጨምራለን። እያንዳንዷ ሴት ልጅ ከቤቷ አንድ ጣሳ ጨው ይዛ ትመጣለች። ጨው የሌለው ኖራ ዓመት ሳይሞላው ይላጣል፤ ይህን እንደ ፊደል ቆጥረን ነው ያደግነው።

ያን ክረምት የሚታየው ቲያትር ሙሽራው ከወዲያ፣ ሙሽሪት ከወዲህ፣ ደቻቱ መሃላቸው ሞልቶ ሠርገኛው ሁሉ የሚቀርበት ነበር። ሥዕሉን የሚሠራው፣ ማበጠሪያ ከኋላ ኪሱ የማይለየው የአሥራ ስምንት ዓመቱ ተካልኝ ነው። አራት ቀን ሲቀር ግን ወባ ጣለው። ሁሉም በጭንቀት ሲሯሯጥ እኔ የማውቀውን አውቅ ነበር፤ የዘሃራ አባት፣ እኛ አው ሙሳ የምንላቸው የፉርጎ ቀቢ፣ ከትምህርት መልስ ብሩሽ አስይዘው ቀለም መደባለቅን በድብቅ አስተምረውኝ ነበር። አራት ቀን ሙሉ፣ ከተማው ሁሉ በሙቀት ተሸንፎ በሚተኛበት በሰባትና በዘጠኝ ሰዓት መካከል፣ የወንድሜን ሱሪ ለብሼ፣ ዘሃራ መሰላሉን እየያዘችልኝ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ራሴን ሊያፈላ እየደረሰ ሣልኩ። ጎርፍ ከመታየቱ በፊት ይሰማል፤ ከተራራው ሥር የሚነሳውን ያን ማጉረምረም የሚያውቅ የድሬ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ መሣል የፈለግሁት ድምፁን ነበር። በዛፉ ሥር፣ በሚንከባለለው በርሜል፣ ከዚያም ከዚህም ዳር በቆሙት ሰዎች እጅ ላይ ሣልኩት። ዘሃራ ከታች፣ «አቦ ፍጠኚ፣ እጄ ደነዘዘ!» ትላለች፤ እኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም። ሥዕሉ ሲያድግ ያየ ሁሉ ተካልኝ ከአልጋው እየተነሳ የሚሠራው መሰለው።

መጋረጃው ሲከፈት ሕዝቡ በአንድ ትንፋሽ «እ!» አለ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ውሃው የደረሰባቸው ይመስል ሁለት እግራቸውን ከወለሉ አነሱ። እኔም ከጎን ቆሜ በደስታ ልበር ስል፣ በስተ ቀኝ ከላይ፣ ጥግ ላይ፣ ጠዋት ያልነበረ ነገር አየሁ። እያንዳንዱ ፊደል አንድ ስንዝር የሚሆን ነጭ ጽሕፈት፦ ተካልኝ። ከአልጋው የተነሳው ለዚህች ብቻ ነው። ሕዝቡ ስሙን እየጠራ ሲያጨበጭብ መድረክ ላይ ወጥቶ እጅ ነሳ።

ሮጬ ወጣሁና «እኔ ነኝ የሣልኩት!» አልኩ። አልተቆጣም፤ መቆጣቱ በተሻለኝ። ሳቀ። «አሰሉ፣ አቦ ንገሪና! መሰላል ላይ ወጥተሻል? በዚህ ቀሚስ?» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አባቴ ግን አልሳቀም፤ ከሁለተኛው ረድፍ ብድግ ብሎ፣ «አሰለፈች፣ ወጥተሻል?» አለኝ። ሴት ልጁ ወንዶች ባሉበት አዳራሽ መሰላል ላይ መውጣቷ ለሱ ምን ማለት እንደነበር ፊቱ ላይ ተጽፎ አነበብኩት።

«አልወጣሁም» አልኩ።

ቲያትሩ ሲያልቅ ኖራውን ለመቀባት የመጀመሪያዋ ሆኜ ደረስኩ። የዚያን ዕለት የጨው ተረኛዋ እኔ ነበርኩ፤ ከየቤቱ የመጣውን ጨው ሰብስቤ፣ አንዲት ፍንካች ሳላስቀር፣ ለዘሃራ ፍየሎች ሰጠኋቸው። ሲልሱት የነበራቸው ደስታ አይረሳኝም። ጡቡንም ግድግዳው ላይ እያንሸራተትኩ የፈተግሁ መሰልኩ እንጂ አልነካሁትም። ሐሳቤ የልጅ ሐሳብ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት፣ ተካልኝ በሣለው አዲስ ሥዕል ፊት ቲያትር ሲታይ፣ ኖራው ከነሥዕሉ ተላጦ ተዋንያኑ ራስ ላይ ይውረድና ይዋረድ ብዬ ነው። አልተላጠም። ሌሎቹ ልጆች ባለ ጨው ኖራቸውን በላይ በላዩ ሲደርቡበት፣ የኔው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ከሥር ተይዞ ቀረ። እሱ አንጋፋ ሠዓሊ ተባለ። እኔ መሰላል ላይ ዳግመኛ ሳልወጣ የሰው ደብዳቤ በታይፕ ስመታ ጡረታ ወጣሁ።

ያን ዕለት ቅርፊቷን በነጠላዬ ቋጥሬ ለዘሃራ ነገርኳት። ዘሃራ ዛሬ ታይዋን በሚባለው ገበያችን ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላት፤ ጉልበቷ እንጂ ምላሷ አላረጀም። «በይ አሁኑኑ እንንገራቸው!» አለች። «አይሆንም፤ ስለ አዳራሹ ስብሰባ ሲጠራ ተካልኝ ቀድሞ ይናገር» አልኳት። ስብሰባው እስኪጠራ ሦስት ሳምንት እንደ ሙሽራ እንቅልፍ አጥቼ ጠበቅሁ።

ስብሰባው የተደረገው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። አዳራሹና አሥራ አንዱ በሮች ፈርሰው ባለ መስታወት ሕንፃ ሊሠራ ታቅዷል። ከቅርስ በኩል የመጣች አንዲት ወጣት ባለሙያ፣ የጥበብ ሥራ አሻራ በቦታው ላይ ከተገኘ አዳራሹና ተያይዘው የተሠሩት ቤቶች እንደማይፈርሱ፣ ካልተገኘ ግን የሚያግዳቸው ነገር እንደሌለ አስረዳች። ኮሚቴው ከሽማግሌዎች መርጦ ምስክር ያደረገው ማንን ይመስላችኋል? ከረባት አስሮ፣ ሕንፃውን ከሚያሠራው አልሚ ጎን ተቀምጦ ነበር። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ የማላውቀውን አልጽፍም። የተናገረውን ግን ሰምቻለሁ፦ «እዚህ ነው ያደግሁት። መጋዘን ነው። ይህ ግድግዳ አንዲት መስመር ተሥሎበት አያውቅም።»

ዘሃራ አዳራሹ እስኪሰማ ድረስ፣ «ወላሂ ይሄ ሰውዬ ዓይኑን በጨው የታጠበ ነው!» አለች።

የስብሰባውን ጽሑፍ ለመስቀል ያመጡት መሰላል ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቀርቷል። ቤት ሳለን ቢላዋ ልይዝ ስል ዘሃራ፣ «አቦ ትታሰሪያለሽ፣ ማንኪያ ያዢ!» ብላኝ ስለነበር፣ የወጥ ማንኪያዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ተነሳሁ። አራተኛው እርከን ላይ ስደርስ ሰብሳቢው ደንግጦ፣ «ማዘር፣ ኧረ ይውረዱ! ይወድቃሉ!» እያለ ሮጠ። ዘሃራ መሰላሉን በሁለት እጇ አንቃ ይዛ ቢስሚላሂ ትላለች። «ወጥቻለሁ እኮ!» አልኩ። ለሰብሳቢው አልነበረም።

በቀኝ በኩል ያለውን የላይኛውን ጥግ በማንኪያው ጠርዝ መታሁት። ኖራው እንደ ቂጣ ተነስቶ ወደቀ። ነጭ ፊደል ብቅ ሲል ከኋላ አንድ ሰው «ተ!» አለ። ደገምኩት፤ «ካ!» አሉ ሁለት ሦስት ሆነው። ሦስተኛውን ፊደል አዳራሹ ሁሉ ፊደል እንደሚቆጥር ተማሪ በአንድ ድምፅ ጠራው። የመጨረሻውም ፊደል ወጣ። ወዲያው ወጣቱ ሽማግሌው ግድግዳው ላይ ተረባረበ፤ በቁልፍ፣ በሳንቲም፣ በስልክ ሽፋን፣ በጥፍር፤ ባለሙያዋ «ቀስ! ኧረ በቀስታ!» እያለች በመካከላቸው ስትሯሯጥ፣ ደቻቱ ከተራራው ሥር ተነስቶ፣ በርሜሉን እያንከባለለ፣ ዛፉን እየነቀለ፣ ቡናማና ቀይ ሆኖ አዳራሹን ሞላው። ሰው ይጮኻል፣ ያጨበጭባል፣ አቧራው አንቆን እንስላለን፣ እንስቃለን። የሰውዬው ፊት አመድ ሲመስል ከላይ ሆኜ አየሁ። ይህን ለማየት ነበር የኖርኩት።

ግን ተካልኝን አሁንም አላወቅሁትም ነበር። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ እንባውን አመጣው። «አዎ! የኔ ነው! የልጅነት ሥራዬ! ሸፍነውት ጠፍቷል ብዬ ነበር እኮ!» አለና እጁን ወደ ግድግዳው ዘረጋ። አጨበጨቡለት። ባለሙያዋ እየጻፈች፣ «ሠዓሊው በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው» አለች። ሰብሳቢው ቀጠለ፦ «እንግዲህ በባለቤትነቱ ላይ ክርክር ከሌለ ዛሬውኑ እንመዝግበው፤ ካለ ሌላ ኮሚቴ ይቋቋምና ይጣራል። ክርክር አለ?»

ዘሃራ ከታች ቀሚሴን ጎተተችው። «ተናገሪ እንጂ! አፍሽን ምን ያዘው?»

ሌላ ኮሚቴ፣ ሌላ ስብሰባ፣ ሌላ ክረምት። ውጭ በር ላይ ቀዩ ምልክት አለ፤ የማፍረሻው መኪና ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ቆሟል። ሁሉም ዓይን ወደ እኔ ወደ መሰላሉ ነበር።

«የለም» አልኩ።

አዳራሹና ከሱ ጋር ተያይዘው የነበሩት አራት በሮች ተረፉ። ከማዶ የነበሩት ሰባቱ ፈርሰው በቆርቆሮ ታጥረዋል፤ የኛ አረንጓዴ በር ከነሱ አንዱ ነው። አው ሙሳ የሉም፣ ጣሳዎቻቸው የሉም፣ አሥር ሰዓት ሲሆን በአንድ ጊዜ የሚከፈት በር የለም፤ ያች አንዲት የትራምፔት ዜማ እንዴት እንደምትጀምር እኔና ዘሃራ ስንከራከር ሁለታችንም እንደረሳናት ገባን። ጎርፉ ግን እንዳለ ነው፤ የትምህርት ቤት ልጆች እያመጡ ያሳዩአቸዋል፣ ፊት የቆሙትም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። ከሥሩ ባለው ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ስም አንብቤዋለሁ።

አዳራሹ እንዳይፈርስ የሚለው ደብዳቤ ተፈርሞ ቀዩ ምልክት ከበሩ ላይ በተፋቀ ማግስት አንድ ኪሎ ጨው ገዛሁ። ዘሃራ መሰላሉን ያዘችልኝ። አራቱን ፊደሎች በጡብ ፈተግኋቸው፣ ኖራውን በጠበጥኩ፣ ጨዉን በሙሉ ጨመርኩበት፣ ቀባሁባቸው።