ቁጡ የሚቀመጥበት ጉድጓድ

ደሴ ላይ ቁጡ ልጅ ያስቸገረው ወላጅ ሁሉ ወደ ሸማኔው ዘይኑልአቢዲን ይዞት ይመጣ ነበር። ሰውየው መምህር አይደለም፤ ያለው አንዲት ጠባብ ቤትና የሽመና ጉድጓድ ነው። ጎረምሳውን ከጉድጓዱ አፍ ያስቀምጥና እግሩን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። እንግዲህ ልማታ፣ ልደባደብ ቢል መጀመሪያ ድሩን ሳይበጥስ እግሩን ማውጣት አለበት፤ እስኪያወጣ ቁጣው ይበርዳል። ክር ሲበጠስም ሕጉ አንድ ነው፤ ጫፉን አስተካክለህ ትቆርጥና «ቢስሚላህ» ብለህ ትቀጥላለህ። በዚህ ዘዴ ስንቱን ነገረኛ የትዳር ሰው አደረገው!

ጀላል ግን ሌላ ነበር። ጣሊያን ደሴ በገባ በሁለተኛው ዓመት ወታደሮች አባቱን ኮምቦልቻ ላይ ገደሉበት፤ እናቱ «ይኼንንም እንዳላጣው ያዙልኝ» ብላ አልቅሳ ሰጠችው። ሽመናውን ቶሎ ለመደ፤ የአባቱን ጩቤ ግን ከወገቤ አላወልቅም አለ። ሞኝ ካመረረ በግ ከበረረ ይባላል፤ ዘይኑልአቢዲን ያቺን ጩቤ ባየ ቁጥር ይሰጋ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወታደሮች መሣሪያ ፍለጋ ዘው ብለው ገቡ። አንደኛው ሽማግሌውን ሸማኔ በጥፊ ሲያጮለው ቆቡ ወደቀ። ሌላው ሊያልቅ የተቃረበውን ጋቢ ከነድሩ በሳንጃ ሸረከተው። ዘይኑልአቢዲን ጥፊው አልተሰማውም፤ ዓይኑ ጀላል ላይ ነበር። ጉድጓዱ አፍ ላይ እንደተቀመጠ የልጁ ቀኝ እጅ በኩታው ሥር ወደ ወገቡ ወረደ።

«ያ ረቢ፣ ሊነሣ ነው! ይገድሉታል፤ ለእናቱ ምን እላታለሁ?» አለ ሽማግሌው በሆዱ። ሊጮህ ፈልጎ ወታደሮቹን ፈርቶ ተወው።

ወታደሮቹ የተቀመጠውን ልጅ ሳይፈትሹ፣ ምንም ሳያገኙ ወጡ። ገና ከደጅ ሳይርቁ ጩቤዋ ከአፎቷ ወጣች።

«ጀላል!» አለ በሹክሹክታ።

ልጁ አልተነሣም። የተተለተለውን ክር ጫፉን በጩቤዋ አስተካክሎ ቆረጠና «ቢስሚላህ» ብሎ ይቀጥል ጀመር።

«ማሻአላህ! በመጨረሻ ትዕግሥት ገባህ» አለው።

«ትዕግሥት አይደለም፣ አባባ» አለ ጀላል፤ እንባው ይወርዳል። «ፈርቼ ነው። እግሬ እንቢ አለኝ።»

«እኔስ ታዲያ?» አለ ሽማግሌው። «እኔም ያልጮህኩት ፈርቼ ነው።»

ዘይኑልአቢዲን ቆቡን ከወለሉ አንሥቶ አጠለቀ። እዚያው ልጁ አጠገብ ቁጭ አለና እግሩን ወደ ጉድጓዱ አስገብቶ ሌላውን ክር ያዘ።