በነጠላዬ ጫፍ የቋጠርኩት ቀይ በቆሎ

ጆንያው ላይ የተጻፈውን በጣቴ እየተከተልኩ፣ ቀስ ብዬ አነበብኩት። «በመድኃኒት የታሸ ዘር። ለምግብ አይውልም።» ከጽሑፉ ሥር የራስ ቅልና ሁለት የተመሳቀሉ አጥንቶች ተስለዋል። እኔ ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ በኋላም የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ብቻ ነው። ያን ሥዕል ለመረዳት ግን ያን ያህልም አያስፈልግም።

«ይኼን ነው ለጨዋታ የምትወስደው?» አልኩት ባለቤቴን።

«አዎ።»

«መርዝ እኮ ነው!»

«ታዲያ ማን ብላው አለ? ለመቁጠሪያ ነው።» ጆንያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ።

ጊዜው ክልሉ ገና የተቋቋመበት ነበር። አሶሳ ከተማ ውስጥ በየቢሮው በር ላይ ቀለሙ ያልደረቀ ሰሌዳ ይሰቀል ነበር። እኛ ከወሎ መጥተን የሰፈርንባት፣ ከቁጥር በቀር ስም የሌላት አምባ ግን የደረሳት ወሬ ብቻ ነው። ሰፋሪ ወደመጣበት ይመለሳል የሚል አለ፤ የለም፣ ይቆያል የሚል አለ። ሰው ወሬውን ሰምቶ ቤቱን ማደስ ተወ። ጤና ኬላ እንሥራ የተባለው በዚያው ሰሞን ነው። የሚሄድ ሰው ጤና ኬላ አይሠራም ብለን ይመስለኛል ሁላችንም የወጣነው። በደቦ ጭቃ አቡክተን ግድግዳውን አቆምን። ጣሪያው ላይ ስንደርስ ቆርቆሮ ጠፋ። ሰኔ ገባ። ዝናቡ ከጠና ግድግዳው ይናዳል።

እኔ ያንን ቤት ከማንም በላይ እፈልገው ነበር። በሰፈርን በመጀመሪያው ክረምት የበኩር ልጄን በወባ ቀብሬአለሁ። የቀረችኝ አንዲት የአራት ዓመት ሴት ልጅ ናት። ስለ እሷ የማልፈራው ነገር አልነበረም፤ ጉድጓዱን፣ እባቡን፣ የሰው ዓይኑን፣ የማንጎ ፍሬ ማነቁን። ከቤት ስወጣ ታለቅሳለች፤ ስመለስ ደግሞ ሮጣ የነጠላዬን ጫፍ ትይዛለች። ከገበያም ከልቅሶ ቤትም ስመጣ ቆሎ ወይም ከረሜላ ቋጥሬ አመጣላት ስለነበር ቋጠሮውን ራሷ ነበረች የምትፈታው። በጥርሷ ሳይቀር።

የካርታ ጨዋታውን ሐሳብ ያመጣው ጎረቤታችን ነው። ቀድሞ ስደተኞች ካምፕ ውስጥ ሾፌር ሳለ ፖከር የሚሉትን ጨዋታ ከፈረንጆች ተምሯል። ውድድር እናድርግ አለ፤ መግቢያው አንድ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮ የሌለው ምስማር ወይም ማገር ያምጣ፤ ላሸነፈው ሙክቴን እሰጣለሁ። ቄሱ «ቁማር ነው!» ብለው ተቆጡ። ለጤና ኬላው ጣሪያ መሆኑን ሲነግሯቸው ግን አልባረኩም፣ አልከለከሉምም።

ጨዋታው ሁለት ዓይነት ነበር። ባለአምስቱ ላይ የመጀመሪያዋ ካርታ ተደፍታ ትሰጣለች፤ የደረሰው ሰው ብቻ ጫፏን አንስቶ ያያታል። የቀሩት አራቱ ተገልጠው ይወርዳሉ። ባለሰባቱ ላይ ሁለቱ ተደፍተው ይጀምራሉ፣ አራቱ ይገለጣሉ፣ የመጨረሻዋ እንደገና ተደፍታ ትመጣለች። አንድ ካርታ በወረደ ቁጥር ሰዉ በገንዘብ ፈንታ እኩል የታደለውን በቆሎ እየጣለ ይቀጥላል፤ የፈራ ካርታውን ጥሎ ይወጣል። በቆሎው ያለቀበት ከውድድሩ ወጣ ማለት ነው።

ልምምዱ በተራ በቆሎ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ሲያበቁ መሐል ያለው ክምር ከታደለው በልጦ ተገኘ።

«እዚህ አገር በቆሎ ይወልዳል እንዴ?» አለ ሾፌሩ።

«አፈሩ ጥሩ ነው!» አለ አንዱ። ሰዉ በሳቅ ወደቀ። ሁሉም በቆሎ አራሽ ነው፤ ሁሉም ኪሱ ውስጥ ጭብጥ ጭብጥ ይዞ መጥቷል።

ያኔ ነው ባለቤቴ ከግብርና የወሰደውን ምርጥ ዘር ያሰበው። ከዘራነው የተረፈ ትንሽ ነበር። መድኃኒቱ ቀለም ስላለው ፍሬው ቀይ ነው። በአምባችን ሌላ ማንም ስለሌለው ከኪስ መጨመር አይቻልም። ብልሃቱን ሁሉም አደነቀለት።

ቆጣሪ ሆነው የተመረጡት አንድ የበርታ ሽማግሌ ናቸው። አምባችን የተቀለሰችው በአባቶቻቸው መሬት ላይ ነው፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን ይህን አንስተውብን አያውቁም። ካርታው ሐራም ነው ብለው አይጫወቱም፤ ቆርቆሮ ግን እንደ ማንኛውም ሰው ሰጥተዋል። የማይጫወት ሰው አያዳላም ተብሎ በቆሎው በእጃቸው ገባ። ፍርሃቴን የነገርኩት ለእሳቸው ነው።

«እናቴ፣ አትፍራ» አሉኝ በተሰባበረ አማርኛቸው። «እኔ ይቆጥራል። ቆጥሮ ይሰጣል፣ ቆጥሮ ይቀበላል። ወላሂ፣ አንድ ፍሬ አይቀርም።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጣሪያ በሌለው ጤና ኬላ ፊት ለፊት፣ ማንጎው ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። ቆርቆሮው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ያበራል። በስተምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ልጄን እጇን ይዤ ቆምኩ። ካርታውን ማን ያዘ፣ ማን ጣለ፣ እሱን አላየሁም። የማየው ጣታቸውን ነበር። ካርታ ሲያድሉ ጣታቸውን በምላሳቸው ያረጥባሉ፤ በዚያው ጣት ቀዩን በቆሎ ይቆነጥራሉ፤ መልሰው ደግሞ ወደ ምላሳቸው።

«ኧረ እጃችሁን አትላሱ!» አልኩ።

«እህቴ፣ እየተሸነፍኩ ጣቴን ካልላስኩ ምን ልላስ?» አለ አንዱ።

«በላሁህ!» ይላል ያሸነፈው፣ ክምሩን በሁለት እጁ እየሰበሰበ። ሁልጊዜ በካርታ የሚባል ቃል ነው። ያን ዕለት ግን በተባለ ቁጥር ዞሬ የልጄን አፍ አያለሁ።

አምባችን ላይ የተመደበው የጤና ረዳት እንኳ እየተጫወተ ነበር። ጠጋ ብዬ ጠየቅኩት። «እውነትሽን ነው፣ ጥሩ አይደለም» አለና ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ። ትንሽ ቆይቶ እሱም ላሰው።

ክምሩ ሲሳብ ፍሬ ይፈናጠራል። ሰዎቹ ልባቸው ካርታው ላይ ነው፤ ሽማግሌው የሚያዩት መሐሉን ነው። እኔ መሬቱን አያለሁ። ልጆች በዙሪያው ይሯሯጣሉ። አንዱ ፍሬ ከበርጩማ ሥር፣ ሌላው ከማንጎው ሥር ታየኝ። እየጎነበስኩ ለቀምኩ። ለሽማግሌው ልሰጥ ብዬ ጠጋ ስል፣ «አሁን የወደቀውን ብትመልሺ የማን ይባላል? ጠብ ታስነሻለሽ!» ብሎ ባለቤቴ ተቆጣኝ። እውነቱን ነበር። ስለዚህ ሲያበቁ እሰጣለሁ ብዬ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት። ከዚያም ያየሁትን ሁሉ እየለቀምኩ እዚያው ጨመርኩ። የዶሮዬን እንቁላል ሳይቀር በቃሌ የምይዝ ሴት ነኝ። ያንን ግን አልቆጠርኩም።

ባለቤቴና የጤና ረዳቱ ለመጨረሻው ሲቀሩ ልጄ «ራበኝ» አለች። ንፋስ ተነሣ። ይዣት ወደ ቤት ሄድኩ።

ቤት ገብቼ መጀመሪያ ያደረግሁት ነጠላዬን አውልቄ ምሰሶው ላይ መስቀል ነው። ሁለተኛው፣ እጄን መታጠብ። መርዝ በነካ እጅ ለልጄ ምግብ ማቅረብ አልፈለግሁም። ጓሮ ወጥቼ በሳሙና፣ እስከ ክንዴ፣ ጥፍሬን ሳይቀር እየፈተግሁ ሁለት ጊዜ ታጠብኩ። ሦስተኛውን ስጀምር ከውስጥ ድምፅዋን ሰማሁ።

«እማ፣ ቀይ ቆሎ አመጣሽልኝ?»

ስገባ ነጠላው መሬት ላይ ነው። ቋጠሮው ተፈቷል። ከንፈሯ ቀልቷል።

ጣቴን አፏ ውስጥ ከትቼ አንድ ፍሬ አወጣሁ። ጮህኩ። እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም፤ የጤና ረዳቱ ግን ካርታውን በእጁ እንደያዘ፣ ባለቤቴም ከኋላው፣ እየሮጡ ደረሱ። ጎረቤት ወተት ይዛ መጣች። የጤና ረዳቱ «ወተት አትስጧት፣ መርዙን ያሰራጨዋል!» ብሎ ቀማት። ልጄን ጭኑ ላይ ደፍቶ እንድታስታውክ አደረጋት። ሁለት ፍሬ ወጣ።

«ስንት ነበር የቋጠርሽው?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም?»

ባለቤቴ እያየኝ ነው። ጆንያውን ትከሻው ላይ ሲያደርግ ያልኩትን ያስታወሰ መሰለኝ።

ሽማግሌው በር ላይ የታዩት በዚህ መሐል ነው። የሆነውን ገና አልሰሙም። ተጥሎ የቀረውን በቆሎ ሰብስበው እንደቆጠሩ በቀጥታ መምጣታቸው ነው።

«ዘጠኝ ጎደለ» አሉ። «እኔ ሦስት ጊዜ ቆጠረ። ዘጠኝ።»

ከነጠላው ላይ አራት አገኘን። ከወለሉ አንድ። እኔ ከአፏ ያወጣሁት አንድ። የወጣው ሁለት። ስምንት። ከጨዋታው ተከትለው የመጡት ሰዎች ተንበርክከው ምድጃውን፣ መደቡን፣ የእህሉን ጎታ ሥር ፈተሹ። ሁለቱ ወደ ማንጎው ሮጠው ሣሩን በጣታቸው አበጠሩት። ዘጠነኛዋ አልተገኘችም።

የጤና ረዳቱ ሰዓቱን አየ። «የዋጠችው ካለ ጀንበር ሳትጠልቅ ይታወቃል። ካንቀጠቀጣት ወደ አሶሳ እንሸከማታለን። ቃሬዛ ሥሩ።»

ወንዶቹ ለጣሪያው ከመጣው ማገር ሁለቱን ወስደው በራችን ላይ ቃሬዛ አሰሩ። ገመዱ ሲጠብቅ ሲንቋቋ እሰማለሁ። ልጄ እጄ ላይ ሆና ዓይኗ ከበድ ከበድ ይላል።

«እንቅልፍ ነው ወይስ ሌላ?» እላለሁ።

«አናግሪያት» ይለኛል የጤና ረዳቱ።

«የኔ እናት፣ የቀዩን ቆሎ አንዱን የት አደረግሽው?»

«በላሁት» ትላለች። ቆይቼ ስጠይቃት «ጣልኩት» ትላለች። እንደገና ስጠይቃት ትስቃለች።

ያን ጊዜ ዝናቡ ወረደ። ሰዎቹ ከበሩ ጥግ ተጣብበው ወደ ጤና ኬላው ያያሉ። የአምባው ሁሉ ልፋት ያለው እዚያ ግድግዳ ላይ ነው፤ ማንም ግን ልሂድ አላለም። ሽማግሌው ብድግ አሉ።

«ግማሽ ሰው ለግድግዳ፣ ግማሽ ሰው ለልጅ» አሉ። «ሂድ! ቆርቆሮውን ጫን፣ ድንጋይ አድርግበት!»

ግማሾቹ ጆንያ ተከናንበው ሮጡ። ጥቂት ቆይቶ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲመታ ሰማሁ። በአምባችን ያ ድምፅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። ብዙ ጊዜ ተመኝቼው ነበር። በዚያ ሰዓት ግን የልጄን ትንፋሽ ስለሸፈነብኝ ጠላሁት፤ ጆሮዬን ደረቷ ላይ ለጥፌ ቆየሁ። አንድ ጊዜ እግሯ ተወራጨ። ባለቤቴ ቃሬዛውን ለማንሳት ብድግ አለ። የጤና ረዳቱ እጁን ዘርግቶ አስቆመው። እግሯ መልሶ ዝም አለ።

ጀንበር አልታየችም፤ መጥለቋን ያወቅነው ሲጨልም ነው። ልጄ ዓይኗን ገልጣ እንጀራ ጠየቀች። የጤና ረዳቱ ካርታውን እስከዚያ ድረስ በሸሚዙ ኪስ ይዞት ኖሯል። አውጥቶ ምድጃው ውስጥ ጣለው። ሙክቱ ለማን እንደደረሰ የጠየቀ የለም፤ ሾፌሩም አርዶ ለጣሪያው ሠራተኞች አበላው።

ሐምሌ ሲገባ ከደጃፋችን፣ ልጄ በምትቀመጥበት ድንጋይ ሥር፣ አንዲት የበቆሎ ቡቃያ ወጣች። ባለቤቴ አይቶ «ይቺውልሽ ዘጠነኛዋ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁን ያየሁት ከዚያ እሑድ ወዲህ ገና ያኔ ነው። እኔ ነቅዬ ሥሩን አየሁት። ፍሬው በስብሶ ልጣጩ ብቻ ቀርቷል፤ ቀይ ይሁን ነጭ አይለይም። ደጃፋችን ላይ ደግሞ ተራ በቆሎም ይወድቃል። ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት፤ እጄንም ታጠብኩ።

ከዚያ ወዲህ በነጠላዬ ምንም ቋጥሬ አላውቅም። ልጄ ግን ለብዙ ጊዜ ከገበያ ስመለስ ትሮጥና ጫፉን ትይዛለች። አንዱን ጫፍ ታያለች፣ ሌላውን ታያለች፣ ከዚያ ወደ ፊቴ ቀና ትላለች።

«ዛሬም ምንም የለም?»

«የለም» እላታለሁ። እሷ ካየችው በኋላ እኔም እንደገና አየዋለሁ።