በቲነር ቦርሳ የመጣው ቡና

ጓደኛዬ ስልኬን ቀምቶ ቴሌግራም ላይ ካለ የትዳር ፈላጊዎች ገጽ ሲመዘግበኝ፣ እኔ የአንድ ባጃጅ በር በብርጭቆ ወረቀት እየፈተግሁ ነበር። ዕድሜ ይላል፤ አርባ አንድ ብሎ ሞላ። ሥራ ይላል፤ የመኪና ቀለም ባለሙያ ብሎ ሞላ። የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ጣቱ ቆመ። እሁድ እሁድ ምን እንደምሠራ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። እተኛለሁ። እንቅልፍ እምቢ ካለኝ ደግሞ ጋራዥ ሄጄ ቅዳሜ የቀባሁት መድረቅ አለመድረቁን አያለሁ። እሱም ከእኔ አይሻልም። ከእኔ ቀጥሎ ያለው ክፍል ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል፣ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ እሁድ ኳስ አይቶ ተናዶ ይገባል። ትንሽ አሰበና "ተራራ መውጣት" ብሎ ጻፈልኝ።

ጋራዣችን ዲላ ውስጥ ከሞያሌው መንገድ ገባ ብሎ ነው። በእኛና በአንድ የቡና ጥራት መቅመሻ ቤት መካከል አንዲት ሴት ሻይ ትሸጣለች፤ ከሁለቱም ወገን የሚመጣ ሰው እዚያ አግዳሚ ላይ ይገናኛል። ያን ቀን ከመቅመሻ ቤቱ ቀማሿ መጥታ ተቀምጣ ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እንደ እኛው አላገባችም። ሁልጊዜ መጀመሪያ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ታያለች፣ ከዚያ የእኛ ቲነር በማያገኛት በኩል ትቀመጣለች። ጓደኛዬ የጻፈውን ጮክ ብሎ ሲያነብ ሰምታ የትኛውን ተራራ እንደወጣሁ ጠየቀችኝ። መሰላል ይቆጠራል ወይ አልኳት። የሚቆጠረው ሳይደክሙ ከወረዱ ነው አለች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ጨዋታ ሆነ። ጓደኛዬ ለራሱ ዓሣ ማጥመድ እንዲጻፍለት ፈለገ፤ አባያ ሐይቅ እዚህ አፍንጫችን ሥር ሆኖ አንድ ቀን እንኳ ሄዶ አያውቅም፣ እንቁራሪት ሲያይ ይዘላል። እሷን ምን ብለን እንጻፍልሽ ስንላት፣ የእኔ ፉት እያሉ መትፋት ነው አለች። እውነቷን ነው፤ ቀማሾች ቡናውን በማንኪያ ጆሮ በሚበጥስ ድምፅ ፉት ይሉና መልሰው ይተፉታል። ንጹሕ አየር መተንፈስ ይጨመርላት አለ ጓደኛዬ። እናንተ አጠገብ ተቀምጦ ንጹሕ አየር ብሎ መጻፍ በሐሰት መመስከር ነው አለችው። ስቀን ስናበቃ ግን፣ ከተጻፈማ ለምን አንሄድም ያለችው እሷ ናት።

እንዲህ ተጀመረ። አንድ ዓመት ሙሉ፣ ዝናብ ካልከለከለን በቀር፣ እሁድ እሁድ ሦስታችን እየተነጫነጭን በእግራችን እንሄድ ነበር። እኔ መራመድ አልወድም። ሳምንቱን ሙሉ ቆሜ ስሠራ ውዬ እሁድ ደግሞ በገዛ ፈቃዴ ዳገት መውጣት ምን የሚሉት መዝናኛ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ጉልበቴን ያመኛል፣ ደረቴን ያፍነኛል። ግን እሷ ስለምትሄድ እሄድ ነበር። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ወድጃት ነበር። በዚያ ጥር ላገባት እንደምፈልግ ልነግራት ቆርጬ ነበር፤ የሚያስፈራኝ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሽታዬ።

ቀማሽ በአፍንጫው ነው የሚበላው። እሷ ሽቶ አትቀባም፣ በሥራ ቀን ጠዋት ነጭ ሽንኩርት ያለበት ምግብ አፏ አይገባም፣ ልብሷን የምታጥበው ሽታ በሌለው ሳሙና ነው። እኔ ደግሞ ሃያ ዓመት ቀለም የረጨሁ ሰው ነኝ። እጄን በቲነር ነው የማጸዳው፤ ሌላ ምንም አያስለቅቀውም። የራሴ አፍንጫ ከሞተ ቆይቷል፤ የሚቃጠል ነገር ካልሆነ አይሸተኝም። አንድ እሁድ ሰውነቴን በሎሚ ፈትጌ፣ ሽቶ ተቀብቼ ብመጣ፣ ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ ሆኜ እንድከተላት አደረገችኝ። ቲነሩ ይሻላል፣ እሱ ቢያንስ አይዋሽም አለች። ጓደኛዬ መንገዱን ሙሉ ሲስቅብኝ ዋለ።

በጥር አንዱ እሁድ ወደ አባቷ ቤት፣ ባንኮ ጎቲቲ ሄድን። እስከ ይርጋጨፌ በሚኒባስ፣ ከዚያ ጥቂት በባጃጅ፣ የቀረውን በእግር። አባቷ ከእንሰቱና ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር የተከለውን ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ አድርቆ፣ አንድ ገዢ ሳምንቱ መጨረሻ ላይ ሊመጣ ስለሆነ ናሙና ሊልክ አዘጋጅቶ ነበር። ናሙናው ዲላ ተቀምሶ ካለፈ ገዢው ያየዋል፣ ካላለፈ አያየውም። የዓመት ልፋቱ በዚያች ከረጢት ላይ ነበር የቆመው። ቀማሿ የአባቷን ቡና እያወቀች መቅመስ ስለማይፈቀድላት፣ መቅመሻ ቤት ሲደርስ ስሙ ተነሥቶ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ ነው የሚቀርብላት።

ምሳ ቆጮ በጎመን በላን። ቤቱ መብራት አልገባለትም፤ ጣሪያው ላይ ያለችው ትንሽ ሶላር ሽቦዋ ተበጥሶ ስለነበር ጓደኛዬ ወጥቶ ቀጠለላቸው፣ እኔ መሰላሉን ያዝኩለት። አባቷ ደስ ብሎት ግቢውን፣ ማድረቂያውን፣ ቡናው የተቀመጠበትን ክፍል አንድ በአንድ አዙሮ አሳየን። አፉን የፈታው በጌዴኦኛ ነው፤ አማርኛውን ገበያ ነው የለመደው። ስንነሣ ሁለት ኪሎ የሚሆን የተፈለፈለ ቡና በጨርቅ ከረጢት አመጣ። ልጁ እጇን ስትዘረጋ እኔ ቀደምኩ። አይ አንተ ሰው፤ ማን ዘርጋ አለህ።

"ቡናዬ ጤነኛ ነች፣ ልጄ" አለኝ ከረጢቱን ሲሰጠኝ። "አደራ፣ ደህና አርገህ ያዛት።"

ቦርሳዬ በሥራ ቀን የቲነር ጀሪካን፣ የቀለም ጨርቅና ብሩሽ የምይዝበት ነው። ሌላ ቦርሳ የለኝም። ቅዳሜ በኦሞ ሁለት ጊዜ አጥቤ ፀሐይ ላይ አውዬው ነበር። አሸተትኩት፣ ምንም የለውም። ቀማሿ ቦርሳህ ንጹሕ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ትናንት አጥቤዋለሁ አልኳት። አንድ ጊዜ ተቀብላ ብታሸተው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር፤ ሳታሸተው አመነችኝ። ጥሬ ቡና አጠገቡ ያለውን ሽታ እንደሚጠጣ ለዲላ ሰው አይነገረውም። እኔም አውቃለሁ። የጎደለኝ ማወቅ አልነበረም፤ እኔ የማይሸተኝ ነገር ያለ አልመሰለኝም። ከረጢቱን ጀርባዬ ላይ አድርጌ አራት ሰዓት ያህል ተጓዝኩ፤ ደረቴን ነፍቼ ነበር ማለት ይቻላል። ዲላ ስንገባ ለመቅመሻ ቤቱ ዘበኛ አስረከብኩት።

ሰኞ ከሰዓት አግዳሚው ላይ ሦስታችን ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ፣ ጠዋት ከቀመሰቻቸው ናሙናዎች አንዱ የቀለም ሽታ እንደወጣው ተናገረች። እንደ ደንቧ ጉድለቱን ጽፋ ጣለችው። ቁጥሩ ሲገለጥ የአባቷ ሆነ።

ይህን ስትል ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ቦርሳው እግሬ ሥር ነበር፤ በተረከዜ ወደ አግዳሚው ሥር ገፋሁት። ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ። ቲነር የሚሸት ሰው የአባቷን የዓመት ልፋት አበላሸ ስትባል፣ ከዚያ በኋላ አግቢኝ ብሎ ነገር እንደሌለ ታየኝ። እናም ዓይኔን በጨው አጥቤ እንዲህ አልኩ፦

"ምናልባት ቡናው ያለበት ክፍል ጄኔሬተር ያስቀምጡ ይሆን? ናፍጣ ነገር?"

ጓደኛዬ ቀና ብሎ አየኝ። ትናንት ጣሪያው ላይ የወጣው እሱ ነው። እሷም አየችኝ፤ ረጅም ጊዜ። "ይሆናል" አለች። ሻይዋን ጨርሳ ወደ ሥራዋ ገባች። ጓደኛዬ ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ ምን ነካህ አለኝ። ሥራ አለብኝ ብዬው ተነሣሁ።

ማክሰኞን እንዴት እንደዋልኩት አላውቅም። የአንድ ሚኒባስ በር ቀለም ሦስት ጊዜ ፈሶብኝ ሦስት ጊዜ ፈተግሁት። አባቷ የዚያን ክፍል ዕቃ እያወጣ ሲያጥብ፣ ደህናውን ቡና ሲያሸት፣ ጎረቤቱን ሲጠረጥር ይታየኛል። በአደራ ሰጥቶኝ እኔ ጥፋቱን መልሼ እሱ ቤት ጣልኩበት። ሻይ ልጠጣ አልወጣሁም። ረቡዕ ወጣሁ፤ እሷ ተቀምጣ ነበር፣ ከጎኗ ቦታ ነበር። ሰላም ተባባልን። ስለ ሙቀቱ አወራን፤ ዘንድሮ ጥር ከበደ ተባባልን። አሁን ልንገራት፣ አሁን ልንገራት እያልኩ ሻዬ ቀዘቀዘ። የምትነሣ መስላኝ ደስ አለኝ፤ አልተነሣችም። እንዲያውም ሁለተኛ ሻይ አዘዘች፣ ልማዷ ያልሆነውን። እኔው ቀድሜ ተነሣሁ።

ሐሙስ ጠዋት ደከመኝ። ሌላ ቃል የለኝም፤ ጀግንነት አይደለም፣ መደበቁ አደከመኝ። የገዢው መምጫ ቅርብ ነው፣ ሽማግሌው እስካሁን ምን እንደሆነ አያውቅም እያልኩ መቅመሻ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። እጄን ታጥቤ ነበር፣ ግን በምን እንደታጠብኩ ታውቃለች። ስትወጣ መግቢያ አላበጀሁለትም።

"ቦርሳው የእኔ ነው" አልኳት። "የቲነር ቦርሳ ነው። አጥቤው ነበር፣ ግን ቡናውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ለአባትሽ እኔው ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ፤ ዛሬ ሌላ ናሙና ይምጣ።"

መጣ እኮ፣ አለችኝ። ሰኞ ጠዋት ገና ሲኒው ላይ ስታጎነብስ የእኔ ሽታ መሆኑን አውቃለች፤ ቁጥሩ ሲገለጥ ደግሞ ቦርሳው ትዝ አላት። አባቷ ጋ ያኔውኑ ደውላ፣ ቡናው ሳይሆን አያያዙ እንደሆነ ነገረችው። ማክሰኞ ሌላ ናሙና በሰው ላከ፣ ስሙ ተነሥቶ ቁጥር ተሰጠው፣ ረቡዕ ጠዋት አለፈ። በደህና ነጥብ። ሽማግሌው ስቆ፣ ያ ቀለም ቀቢ ቡናዬን ቀብቶ ላካት ወይ አለ አሉ።

ሦስት ቀን ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ወረደ። ሳላስበው ሳቅኩ፤ የሞኝ ሳቅ። እሷም ፈገግ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ ሁሉ ቀን ውስጥ አሁን ነው ጊዜው፣ ሁሉንም ልንገራት ብዬ፣ "ይሄ ሽታዬ እኮ ነው የሚያስፈራኝ፣ አንቺን ያርቅብኛል ብዬ ነው" አልኳት።

"ሽታህን ሳውቀው ነው አንድ ዓመት አብሬህ የሄድኩት" አለችኝ። ድምፅዋ ደክሟል እንጂ አልከፋም። "ሰኞ ስነግርህ ቦርሳዬ ነው እስክትል ነበር የጠበቅሁት። ማክሰኞ ጠበቅሁህ። ትናንት ሁለት ሻይ ጠጣሁ።"

እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

"አባቴ ጄኔሬተር እንደሌለው ቤቱ ገብተህ አይተሃል" አለች። "መሰላሉን የያዝከው አንተ ነህ።"

ይቅርታ አልኳት። እሺ አለች፤ ከልቧ እሺ ያለች ይመስለኛል። ከዚያ ናሙና እየጠበቃት እንደሆነ ነግራኝ ገባች። ልነግራት ያሰብኩትን የትዳር ነገር አልነገርኳትም፤ መልሱን ሰምቼዋለሁ።

አሁንም አግዳሚው ላይ እንገናኛለን፣ ስለ ዝናብ ስለ መንገድ እናወራለን፣ በደህና ነው የምትይዘኝ። እሷና ጓደኛዬ እሁድ እሁድ መሄዳቸውን አላቋረጡም። መጀመሪያ ሰሞን ሥራ አለብኝ እል ነበር። አሁን ማንም አይጠይቀኝም።