የኦይታ አሥራ ሁለተኛ ካሴት

ኦይታ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ገበያው ጥግ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግን ነበር። የኦቾሎ መንደር ሸማኔ ልጅ ነው። አባቱ ሲሸምን ክር ከማቀበል ይልቅ የመሸመኛውን ድምፅ እያዳመጠ ይፈዝ እንደነበር እየሳቀ አጫውቶኛል። እኔ ሙዚቃ አላውቅም፤ የምጽፈው ሬዲዮዬን ላሠራ ሄጄ ያየሁትን ብቻ ነው።

ነሐሴ 1976 ዓ.ም. ነበር። የቀበሌው ኪነት ቡድን ለአሥረኛው የአብዮት በዓል መዝሙሮቹን የሚቀዳበት ባዶ ካሴት አጣ። አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቷቸው የሄደ አሥራ ሁለት ካሴቶች ስለነበሩ፣ የቡድኑ መሪ ካሱ ለኦይታ እንዲያጠፋቸው ሰጠው። ካሱ ድምፁ ከተበላሸ ወዲህ መዝፈን ትቶ ሌሎችን ያሠለጥናል።

ኦይታ ክሩ መድከሙን ለማወቅ ማንኛውንም ካሴት ከዳር እስከ ዳር ሳይሰማ አያጠፋም። አሥራ አንዱን ሰምቶ አጠፋ። አሥራ ሁለተኛውን ግን ሰምቶ ሳያጠፋ ለብቻው አስቀመጠው። ሽፋኑ ላይ ጊታር የታቀፈ ሽበታም ሰውዬ አለ። መሐንዲሱ አንድ ጊዜ ስለዚህ ሰው ነግሮት ነበር፤ በወጣትነቱ በሮክ ሙዚቃው ስታዲየም ይሞላ ነበር፣ በስተርጅና ያወጣውን ይህን ካሴት ግን የሰማው ጥቂት ሰው ነው።

ካሱ ካሴቶቹን ሊወስድ ሲመጣ እኔም ሱቁ ውስጥ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ነበርኩ። ኦይታ አንዱ ካሴት ላይ መቅዳት እንደማይቻል ነገረው፤ ከካሴቱ ጀርባ ያሉት፣ ሲሰበሩ መቅዳት የሚከለክሉት ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች መሰበራቸውንም አሳየው። ካሱ ሳቀ።

«ሲሰበር በወረቀት ድፈኑት፣ ይቀዳል ብለህ ከተማውን ሁሉ ያስተማርከው አንተ አይደለህም?»

ኦይታ አንገቱን ደፋ። ውሸት አይችልበትም። ካሴቱን ቴፑ ውስጥ ከተተና፣ «እንግዲያው ስማውና አንተው አጥፋው» አለው።

ከበሮው ሸማኔ ማጉን እንደሚመታ ረጋ ብሎ ይመታል፤ በመሃሉ ዝም ይላል። ከዚያ የሰውዬው ድምፅ መጣ። ሻካራ ነው። ከፍ ሊል ሞክሮ ተሰነጠቀ፤ አልደበቀውም። ትንፋሹን ሲስብ ሰማነው። ያንኑ ቦታ መልሶ ሞከረው፣ አሁን ደረሰበት። ቃሉ አንዱም አልገባኝም፤ ግን ወደ ቴፑ ተጠጋሁ። የገበያው ጫጫታ ወዴት እንደጠፋ አላውቅም። ካሱ መቼ ኮፍያውን አውልቆ አንድ ባዶ ሳጥን ላይ እንደተቀመጠም አላየሁም።

አንደኛው ገጽ አልቆ ቴፑ ቀጭ አለ።

«ሰውዬው ስንት ዓመቱ ይሆን?» አለ ካሱ ሽፋኑን እያየ።

ኦይታ እንደማያውቅ ነገረው። ካሱ አሥራ አንዱን ካሴት ከረጢቱ ውስጥ ከተተና ተነሣ።

«አንዱን ቴፑ በላው እላቸዋለሁ ቀበሌዎቹን» አለ። «ጠጋኝ ተብሎ ካሴት ያስበላል ብለው ያሙሃል።»

«ይሙኝ» አለ ኦይታ።

ሬዲዮዬ ስላልደረሰ በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ካሱ ቀድሞኝ ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል፤ ኦይታ ካሴቱን ወደ ሁለተኛው ገጽ እየገለበጠ ነበር።