ባቡሩ ሳይገባ

ባለፈው ዓርብ የልጅ ልጄ ቤቲ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና በማግስቱ ከጓደኞቿ ጋር የምትሄድበትን መንገድ አሳየችኝ። ከአዳማ ጀርባ ተነስቶ ጋራውን ይወጣል፤ የነፋስ ማመንጫዎቹን ሸንተረር ይከተልና በወዲያኛው በኩል ዞሮ ከተማው ውስጥ ይገባል። አዲስ ያገኙት መንገድ መሆኑን በኩራት ነገረችኝ። ሳቄ መጣ። እኔ ያን መንገድ የዞርኩት እናቷ ሳትወለድ ነው። መነጽሬን አድርጌ ሁለት ቦታ ላይ ስህተት ነቀስኩላት። "እንግዲያው ነይና አሳዪን፣ እናና" አለች። እኔ ደግሞ እንዲህ ስባል እምቢ ማለት አላውቅበትም።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አብረውኝ የዞሩት አባቴ ናቸው። አባቴ ባቡር ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ነበሩ። ቤታችን ከሐዲዱ አጠገብ ስለነበር ባቡሮቹን በድምፃቸው ነበር የምንለያቸው። የጭነቱ ሲገባ አንድ ጊዜ ረዘም አድርጎ ይጮኻል፤ የመንገደኛው አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር። እኛ ቤት ይህን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም ነበር።

በዚያ ዓመት አዲስ አበባ የቅየሳ ትምህርት ለመማር አመልክቼ ተቀባይነት አገኘሁ። የቀረው የአባት ፊርማ ብቻ ነው፤ ቅጹ ደግሞ ሰኞ መግባት ነበረበት። አባቴ ቀያሾች ሐዲዱን ሲለኩ አይተዋል፤ ሴት ልጅ ከወንዶች ጋር በየጋራው ስትንከራተት ሊታያቸው አልቻለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ለመንኩ፣ አኮረፍኩ፣ ተከራከርኩ። በመጨረሻ ቅዳሜ ምሳ ላይ እጃቸውን ታጥበው ሲያበቁ ተናገሩ።

"ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋራውን እንዞራለን። የድሬዳዋው ባቡር ሳይገባ ጣቢያ ከደረስሽ እፈርማለሁ። ካልደረስሽ ግን ወሬው እዚህ ላይ ያበቃል።"

ባቡሩ የሚገባው አሥር ሰዓት ላይ ነው። እናቴ፣ ይሄ ከወንበር ተነስቶ የማያውቅ ሰው ጋራ ሊወጣ ነው እያለች በሶውን በጠበጠች።

ጥቅምት ነበር። ክረምቱ ወጥቶ አየሩ ጠርቷል፤ ጤፉ ቢጫ መምታት ጀምሯል፤ መንገዱ ዳር ያለው ሣር ገና እርጥብ ነው። እኔ የወንድሜን ሸራ ጫማ አጥልቄ፣ ቆሎና ስድስት ብርቱካን በትከሻዬ አንግቤ ከፊት ከፊት እሄዳለሁ። አባቴ ከነኮታቸው፣ በጥቁሩ የክት ጫማቸው ከዘራቸውን ይዘው ይከተሉኛል። ሌላ ጫማ ያድርጉ ብላቸው እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ።

ከላይ ሸንተረሩ ላይ በጣሊያን ጊዜ የተካበ የድንጋይ ምሽግ ነበር። እዚያ ጥላ ሥር ከብት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አገኘን። አባቴ በኦሮምኛ ሰላምታ ጀመሩ፤ ስለ ቤቱ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አዝመራው አንድ በአንድ ተጠያየቁ። እኔ ሰዓቱን እያሰብኩ በውስጤ እበግናለሁ። ሽማግሌው ያን ድንጋይ ተገደው የተሸከሙት አባታቸው እንደነበሩ አጫወቱን፤ አሁን ጥጆቻቸው ከፀሐይ ይጠለሉበታል። ከታች የከተማው ቆርቆሮ ያብለጨልጫል፤ በወለንጪቲ በኩል የቦሰት ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል። ገና ሰባት ተኩል ነበር። ፊርማው እጄ የገባ መሰለኝ።

ቁልቁለቱ ላይ ነገሩ ተበላሸ። ቀዩ ጠጠር ከእግር ሥር ይንሸራተታል። አባቴ በየመቶ እርምጃው ቆም እያሉ የዛፍ ስም ይጠይቁኝ ጀመር። ዛፍ የሚወዱ ሰው አልነበሩም። ዞር ብዬ ሳይ የግራ ካልሲያቸው ተረከዙ ላይ በደም ርሷል። እሳቸው ደግሞ ቢሞቱ ደከመኝ አይሉም።

እውነቱን ልናገር። የተባልኩት "ከደረስሽ" እንጂ "ከደረስን" አይደለም። ይህን አስቤ ብቻዬን ልሄድ ሁለት ሦስት እርምጃ ተራምጃለሁ። ከዚያ አልሆነልኝም። ተመልሼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

"አባዬ፣ እግሬ ዛለብኝ። ትንሽ እንረፍ።"

አባቴ ረጅም ጊዜ አዩኝ። "ሴት ልጅ እኮ ነሽ፤ እረፊ" አሉና ኮታቸውን ሰብስበው አጠገቤ ቁጭ አሉ። ንዴቴን ከብርቱካኑ ጋር ዋጥኩት። እስከ ታች ድረስ ሦስት ጊዜ አረፍን፤ ሦስቱንም ጊዜ የለመንኩት እኔ ነኝ።

የመጨረሻውን የጤፍ ማሳ አልፈን የጣቢያው ጣሪያ ሲታየን ባቡሩ ጮኸ። አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር። እንባዬን ላብ አስመስዬ በነጠላዬ ጠረግኩት።

አባቴ ከዘራቸውን ተደግፈው አዳመጡ።

"የጭነቱ ነው" አሉ። "የመንገደኛው ዛሬ ዘግይቷል። ነይ፣ እንደርሳለን።"

ጣቢያ ስንደርስ መንገደኛው ሻንጣና ቅርጫቱን ተሸክሞ በበሩ ይጎርፋል። አባቴ የሚያውቁትን እንኳን ደህና ገባህ እያሉ፣ እያነከሱ መሀላቸውን ሰንጥቀው አለፉ። ትኬት መቁረጫው ባንኮኒ ላይ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ቅጹን አወጡ። ቀኑን ሙሉ ይዘውት ነበር የዞሩት። ፈረሙና ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አሉበት።

በዚያች ፊርማ ዕድሜዬን ሙሉ ጋራ ስለካ ኖርኩ። እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ ስለ ባቡሩ ጩኸትም ሆነ ስለ እኔ ድካም አንድም ቀን አላነሳንም። አባቴን እንደዚያን ቀን የወደድኩበት ቀን የለም።

ቅዳሜ ከቤቲና ከጓደኞቿ ጋር ወጣሁ። ምሽጉ ፈራርሷል፤ በላዩ የነፋስ ማመንጫው ክንፍ ያጉረመርማል። ወጣቶቹን እስከ ጫፉ እየመራሁ ወሰድኳቸው። ቁልቁለቱ ላይ፣ እዚያ ቀይ ጠጠር ጋ፣ ጉልበቴ ያመኝ ጀመር። ቆም ብዬ ቤቲን ስለ ማመንጫዎቹ ክንፍ አንድ ሁለት ነገር ጠየቅኳት። ጓደኞቿ ቀድመውን ወረዱ።

"እናና፣ ደከመኝ" አለች ቤቲ። "ትንሽ እንቀመጥ?"

ግንባሯ ላይ የላብ ጠብታ የለም። ረጅም ጊዜ አየኋት።

"የዘንድሮ ልጆች እኮ አትችሉም፤ በይ እረፊ" አልኳትና ከእሷ ቀድሜ ቁጭ አልኩ።