የመንታዬ ማዕተብ

ልጅ ሳለሁ የመንዝ ብርድ እንደ ዛሬው ለሰው የሚራራ አልነበረም። ከዘመሮ ወዲያ ባለችው መንደራችን ውሻ እንኳ ጩኸቱን ደጅ ይጀምርና ቀሪውን ምድጃ ዳር ገብቶ ይጨርሰው ነበር። አጋነነ የሚል ካለ ውሻውን ይጠይቅ።

ያኔ፣ አመሻሹ ላይ የኩበቱ ፍም ሲቀላና የኩራዙ ጭስ የድንጋዩን ግድግዳ ሲልሰው፣ የአያቴ እህት እማሆይ ከጠጉር የተሠራ ባናቸውን ተከናንበው ተረት ይጀምራሉ። እማሆይ ቆብ ቢደፉም ምላሳቸው አልመነኮሰም። ማጋነንን የወረስኩት ከሳቸው ነው፤ በተረታቸው የሚመጣው ጅብ አንድ ገደል ያህል ነበር፣ እኔ ለልጅ ልጆቼ ሳወርሰው ሌላ ገደል ጨመርኩበት። እናቴ ደግሞ ከጎናቸው ሆና የበግ ጠጉር ትፈትላለች፤ የእንዝርቷ ድምፅ ለተረቱ ማጀቢያው ነበር።

አንድ ምሽት እማሆይ የሰማይ ቤትን በር አመጡ።

«በሩን የሚጠብቀው መልአክ በእጁ ነው የሚያየው» አሉ። «የመጣውን ሁሉ አንገቱን ይዳብሳል። ማዕተብ ካገኘ እለፍ ይላል። አንድ የግሼ ባለጸጋ ክሩን ጥሎ በወርቅ ሐብል ለውጦ ኖሮ፣ መልአኩ ቢዳብስ ቢዳብስ አጣ። ይኸው እስከ ዛሬ ደጅ ላይ ተቀምጦ ክር ይፈትላል፤ ደግሞ አያውቅበትም፣ ይበጠስበታል!»

ማዕተብ ክርስትና ስንነሳ አንገታችን ላይ የሚታሰረው ክር ነው። እየሳቅሁ የራሴን ዳበስኩ፤ አለ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና «እማሆይ፣ እህቴስ? እሷ እኮ ማዕተብ የላትም» አልኩ።

እንዝርቱ ቆመ።

መንታ ነኝ። እኔና እህቴ በአንድ ጀንበር ተወለድን፤ እናቴ እንደምትለው እኔ ተጋፍቼ ቀደምኩ። በሥርዓታችን ግን ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው። እኔን የክርስትና አባቴ ታቅፎኝ ሄደ፤ እሷ ተራዋን ልትጠብቅ ከእናቴ ጉያ ቀረች። ሰማንያዋ ሳይሞላ አንድ ማለዳ ትኩሳት ያዛት። የታመመ ሕፃን ቀኑን ሳይጠብቅ ይጠመቃልና አባቴ የንስሐ አባታችንን ሊጠራ ገደሉን ወርዶ ወጣ። ቄሱ ሲደርሱ እሷ ሄዳለች። ፍትሐት ሳይደረግላት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተቀበረች። እናቴ ለሁለታችን ካዘጋጀችው ክር አንዱ እኔ አንገት ላይ ነበር፤ ሌላው በመቀነቷ ጫፍ እንደተቋጠረ ቀረ።

እማሆይ ባናቸውን ሰበሰቡ።

«መልሱለት እንጂ እማሆይ» አለች እናቴ ቀና ሳትል። «እኔም ይህን ልጠይቅዎ እየፈራሁ ነው የኖርኩት።»

እማሆይ ፍሙን ቆሰቆሱ። «በጅቡ ዋሽቻለሁ፣ በባለጸጋውም ዋሽቻለሁ፤ በዚህ አልዋሽም። ከውሃና ከመንፈስ ተወለዱ ተብለናል። ያንን ንቀን ሌላ በር ብንፈልግ ወዮልን። ግን ልጄ፣ ከጌታ በስተቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ የትኛው ቄስ አጠመቀው? አስበኝ ብቻ ነው ያለው። ሥርዓቱ የታዘዘው ለእኛ ነው። እሱን ማን ያዘዋል?»

«እሷ አስበኝ ማለት መች ትችላለች? አፏን እንኳ አልፈታች።»

«አንቺስ፣ ስትዪላት አልኖርሽም?»

እናቴ እንዝርቷን እንደገና ማሾር ጀመረች።

እኔ ግን አልበቃኝም። የጥምቀት ዕለት እናቴን ክሩን ለመንኳት፤ ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችኝ። ታቦቱ ካደረበት ወንዝ ዳር ውርጩ ጢም ያበቅል ነበር፤ ለእኔም ያን ጠዋት በቀለልኝ። ቄሱ የተባረከውን ውሃ ሕዝቡ ላይ ሲረጩ ፊታቸው ተደንቅሬ ክሩን ከራሴ በላይ ዘረጋሁት።

«ይሄ ምንድን ነው አንተ?»

«የእህቴ ነው አባ። እኔን ይተዉኝና እሷን ያጥምቁልኝ።»

«አንዱ አልበቃው ብሎ ሊደግም ነው!» አለ አንድ ጎረምሳ፤ ሰዉ ሳቀ። ቄሱ አልሳቁም። እህቴ በታመመችበት ማለዳ ገደሉን ወጥተው ያልደረሱላት እሳቸው ነበሩ።

«ይህ ውሃ ለበረከት ነው ልጄ» አሉኝ ጎንበስ ብለው። «ለሞተ ሰው ጥምቀት የለም። አጠመቅኋት ብልህ እዋሽሃለሁ።»

እጄን አወረድኩ። ያኔ ዓይናቸው ከኋላዬ እናቴ ላይ አረፈ። በየጥምቀቱ እንደምታደርገው ነጠላዋን በግራ ጎኗ ገለጥ አድርጋ፣ ሕፃን ጉያው እንደሚያስገባ ሰው ቆማለች። እዚያ ማንም የለም። ዓመት በዓመት ሳየው የኖርኩት ነገር ያን ቀን ነው የገባኝ።

ቄሱ እፍኝ ሙሉ ውሃ ዘግነው ያንን ባዶ ቦታ አረጠቡት። «ለእናት ነው» አሉ። «ለእናት አልተከለከለም።»

እናቴ ክሩን ተቀብላኝ መልሳ መቀነቷ ጫፍ ቋጠረችው፤ ነጠላዋንም ሰብስባ እንደታቀፈች ቤቷ ገባች። ነጠላው እስከ ፋሲካ አልደረቀም ብል የሚያምነኝ የለም፤ እኔ ግን ነክቼዋለሁ።

ዛሬ ቤታችን የሚበራው በሶላር ነው፤ የልጅ ልጆቼም ከስልካቸው ቀና የሚሉት ጅቡ ሲመጣ ብቻ ነው። ጅቡን እንደ ልቤ አሳድገዋለሁ። የሰማዩ በር ጋ ስደርስ ግን አላጋንንም፤ እማሆይ ያሉትን ብቻ ብዬ አቆማለሁ። እናቴ ስታልፍ የወረስኩትን ክር ከራሴው ጋር አስሬዋለሁ፤ መልአኩ አንገቴን ሲዳብስ ሁለት ያገኛል። ይህን ሁሉ የቀጠፈ ሰው አላስገባም ቢለኝም አልደነግጥም። ስንወለድ ተጋፍቼ ቀድሜያታለሁ፤ እዚያኛው በር ላይ ግን ተስፋዬ እሷ እንደቀደመችኝ ነው። ክሯን ልትቀበል ብቅ ስትል በጎኗ ሾልኬ እገባለሁ።