መብራት ሲጠፋ የሚጮኸው ሳጥን

አሰላ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ሻማ አይደለም፤ ሶኬት ነው የሚነቅለው። ፍሪጁም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ምድጃውም ይነቀላል። መብራቱ ሲመለስ በጉልበት ስለሚመጣ፣ ያልተነቀለ ዕቃ ተቃጠለ ማለት ነው። እኔ ደግሞ የፎቶኮፒ ቤት ስላለኝ ከሁሉም የባስኩ ነኝ። ደንበኛ ፊቴ ቆሞ እያለ እንኳ፣ አምፖሉ ብልጭ ካለ ማሽኔን ለመንቀል እበራለሁ። ጎረቤት ከሌለም ሄዶ የጎረቤትን መንቀል ደግነት ነው። እኛ ሰፈር እንዲህ ያላደረገ ሰው ይታማል።

እናቴ የሞተች ቀን ጠዋት ደረቴን ጨነቀኝ ብላ ነበር። አባቴ "ጋደም በይ፣ ይለቅሻል" ብሏት ገበያ ወጣ። ሲመለስ አልፋለች። ከዚያ ወዲህ አፉን ሲከፍት የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ "ሐኪም ቤት መውሰድ ሲገባኝ አስተኛኋት።" ለቀስተኛው ሁሉ፣ ሼኩም ጭምር፣ "ለበጎ ብለህ ነው፤ አታውቅም ነበር" አሉት። እኔም ስንት ጊዜ አልኩት። በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ይወጣል። በኋላ ይህንንም መናገር ተወና ክፍሉን ዘግቶ መዋል ጀመረ። በቁሙ እያጣሁት ነበር፤ እንዴት እንደምመልሰው አላውቅም።

በዚያው ሰሞን አንድ ደንበኛዬ ከተማውን ሲለቅ አኳሪየሙን ከነዓሦቹ ጥሎብኝ ሄደ። "አሁን ይሄንን ማን ሊያስታምም ነው!" እያልኩ፣ እየተነጫነጭኩ ሳሎን አስቀመጥኩት። አባቴ ከክፍሉ ወጥቶ መስታወቱን ጎንበስ ብሎ አየና፣

"እነዚህ ምንድነው የሚበሉት?" አለኝ።

ለወራት ሰውን ምንም ጠይቆ አያውቅም። እንባዬን እንዳያይብኝ ጓዳ ገባሁ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ትራክተር የነዳ ሰው ነው። ውሃውን የምታዞረውን ትንሽ ፓምፕ ሲያይ ልቡ እዚያው ቀረ። ዓሦቹ ብዙ፣ መስታወቱ ጠባብ ስለሆነ፣ ውሃው ከቆመ አየር እንደሚያጥራቸው በሁለተኛው ቀን ደረሰበት። መብራት በጠፋ ቁጥር በጣሳ እየቀዳ ከላይ መልሶ ያፈስላቸዋል፤ ክንዱ እስኪዝል ድረስ። እኔ ይህን ማየት ሲሰለቸኝ ከሱቄ ኢንቨርተር የሚባለውን፣ የባትሪን ኃይል ወደ መብራት የሚቀይር ሳጥን አመጣሁ፤ እሱ የትራክተር ባትሪ ፈልጎ አገኘ። ከዚያ በኋላ መብራት ሲጠፋ ሳጥኑ ራሱ ወደ ባትሪው ይዞራል፣ ፓምፗም አትቆምም። ብቻ በባትሪ ሲሠራ ጢጥ፣ ጢጥ እያለ ይጮኻል። እኔን ራሴን ያዞረኛል፤ እሱ ግን ሲሰማው ደስ ይለዋል። "እየሠራ ነው" ይላል።

ቀስ በቀስ ምግብ መብላት ጀመረ። ጁምዓ መውጣት ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ዓሦቹን በኦሮምኛም በአማርኛም "ኮታ፣ ኮታ፣ ኑ" እያለ ሲያበላቸው ከአልጋዬ ሆኜ እሰማለሁ። አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባው ሲሞት ደግሞ፣ እኔ ሳልለምነው፣ "ጢቾ ለቅሶ እንሂድ፤ አድረን እንመለሳለን" አለኝ።

የውሃ ተራችን ስለነበር ቁልፉን ለጎረቤታችን ለእትዬ ሰጠናቸው፤ ቧንቧው ሲመጣ በርሜሉን እንዲሞሉልን። እትዬ ከእናቴ ጋር ያረጁ ሴት ናቸው፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለእሳቸው ነው። ስለ ውሃው ነገርናቸው። ስለ ሳጥኑ ማንም ትዝ ያለው አልነበረም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተመልሰን በሩን ስንከፍት ቤቱ ጭር ብሏል። ሶኬቱ ሁሉ ተነቅሎ ገመዱ በሥርዓት ተጠቅልሏል። የፓምፗም ገመድ ከሳጥኑ ወጥቶ አብሮ ተጠቅልሏል። አኳሪየሙ ላይ ጋቢ አለ፤ ከላይም ከጎንም ጥብቅ ተደርጎ የተሸፈነ። አባቴ ጋቢውን ገለጠው። ዓሦቹ ሁሉም ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል።

ደሜ ፈላ። ወደ አጥሩ ልሮጥ ስል እትዬ ራሳቸው ፊታቸው በርቶ ገቡ።

"እንኳን ደህና ገባችሁ! በርሜሉን ሞልቼላችኋለሁ። እናንተ ገና ከመውጣታችሁ መብራት አልጠፋም መሰላችሁ? ያ ሳጥን ደግሞ ጢጥ ጢጥ ሲል፣ በማርያም፣ ሊፈነዳ ነው ብዬ ሁሉንም ነቀልኩላችሁ። ዓሦቹንም ብርድ እንዳይመታቸው ጋቢ..." ውሃውን ሲያዩ ወደ መስታወቱ ተጠጉ። "ጋሼ፣ እኔ ነኝ? እኔ ነኝ የገደልኳቸው?"

ልናገር አፌን ስከፍት አባቴ በእጁ ዝም በይ አለኝ። ውሃውን ቆሞ አየ፣ አየ። ያኔ የፈራሁት ለዓሦቹ አልነበረም፤ ተመልሶ ክፍሉ ገብቶ በሩን እንዳይዘጋብኝ ነው። እሱ ግን ወንበር ስቦ እትዬን አስቀመጣቸው።

"ለበጎ ብለሽ ነው" አላቸው። "ቤቴ እንዳይቃጠል ነው የነቀልሽው። ብርድ የሚገድላቸው መስሎሽ ነው ያለበስሻቸው። አታውቂም ነበር።"

"ባልነካው ኖሮ ግን..."

"አታውቂም ነበር አልኩሽ! የማያውቅ ሰው ይከሰሳል?"

ይህን ብሎ ከእትዬ አጠገብ ተቀመጠና እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። እትዬ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ "ሌላ እናመጣለን ጋሼ፣ ከአዳማም ቢሆን እናስመጣለን" ይሉታል። እሱ አይሰማቸውም።

"እኔም ለበጎ ብዬ ነው" አለ በመጨረሻ፣ ወለሉን እያየ። "ጋደም በይ ያልኳት ለበጎ ብዬ ነው።"

እትዬ ገባቸው። እጁን ያዙት። እናቴን ስንቀብር አንዲት ጠብታ ያልወጣው አባቴ፣ እዚያው ወንበር ላይ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ።